እናትን ይዞ ሦስት ቀን በካርዲፍ፦ ምን ይታያል፣ በምን ቅደም ተከተል?

ጥያቄውን በአጭሩ ላስቀድም። ጠያቂያችን ለንደን ይኖራሉ። የ68 ዓመት እናታቸው ከአዲስ አበባ መጥተው ዘመን መለወጫን አብረው ከዋሉ በኋላ፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ለሦስት ቀንና ለሁለት ሌሊት ከለንደን ወጣ ብለው ዌልስን ሊያሳዩአቸው አስበዋል። እናትየው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ፤ ከሱቅና ከፎቅ ይልቅ ቤተ ክርስቲያንና የድሮ ሰው አኗኗር ማየት ደስ ይላቸዋል። «ካርዲፍ በግማሽ ቀን ታልቃለች ይሉኛል። ሌላ ከተማ ብንሄድ አይሻልም ወይ? ከሄድንስ ምኑን ከምኑ እናስቀድም?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

በግማሽ ቀን ታልቃለች የሚሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። ከባቡር ጣቢያው እስከ ግንቡ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ በመካከል ያለውን የገበያ መንገድና ስታዲየሙን አይቶ የተመለሰ ሰው ከተማዋን የጨረሳት ይመስለዋል። እኔ ግን እንደ አስጎብኚ የምመክረው ሦስቱንም ቀን ለካርዲፍ እንዲሰጡ ነው፤ አንዱን ሙሉ ቀን ግን ከመሐል ከተማ ወጥተው ሴንት ፋገንስ በሚባለው የገላጣ ሜዳ ሙዚየም ማሳለፍ ይኖርባችኋል። ለእናትዎ ከጠቅላላው ጉዞ የሚበልጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የቀሩትን ሁለት ቀናት ያከፋፈልኩትም ይህን ታሳቢ በማድረግ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ማወቅ ከተማዋን ለመረዳት ያግዛል። ካርዲፍ የዌልስ ዋና ከተማ የተባለችው በ1955 ሲሆን የከተማነት ማዕረግ ያገኘችው ደግሞ በ1905 ነው፤ እዚህ ላይም ሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1801 የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ ነዋሪዎቿ 2,000 እንኳን አይሞሉም ነበር። ከዚያ ሁለተኛው የቢውት ማርኪስ (ማርኪስ የመኳንንት ማዕረግ ነው) በ1839 የመርከብ ማቆሚያ አስቆፍሮ ከፈተ፤ ከሰሜን ካሉት ሸለቆዎች የሚወጣው የድንጋይ ከሰል በቦይና በባቡር እየወረደ በዚያ ወደብ ወደ ዓለም ሁሉ ይጫን ጀመር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ በ1913 ከካርዲፍ የተጫነው ከሰል በዓመት ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ደርሶ ነበር። ግንቡ ውስጥ የሚያዩት ወርቅ፣ በሙዚየሙ የተሰቀሉት ሥዕሎች፣ ነጫጮቹ የመንግሥት ሕንፃዎች፣ በወደቡ ሰፈር የሰፈሩት የሶማሌና የየመን መርከበኞች፣ ሁሉም ከዚያ ከሰል ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ካርዲፍን እንደ ኤድንብራ ካለች ጥንታዊ ርእሰ ከተማ ጋር ካወዳደሯት ታንሳለች፤ በሰባ ሰማንያ ዓመት ውስጥ ድንገት የበለጸገችና ሀብቷ የመነጨበት ሥራ ቆሞ እንደገና ራሷን የፈለገች ከተማ አድርገው ካዩዋት ግን የምታሳየው ብዙ ነው።

የሳምንቱን ቀን መምረጥ ከሆቴል መምረጥ ይቀድማል። ማክሰኞ ሄደው ሐሙስ ማታ እንዲመለሱ አጥብቄ እመክራለሁ። ቅዳሜና እሑድ በስታዲየሙ ጨዋታ ወይም የሙዚቃ ዝግጅት ካለ ወደ 74,000 የሚጠጋ ሰው በዚያች ጠባብ መሐል ከተማ ውስጥ ይፈስሳል፤ መንገድ ይዘጋል፣ የሆቴል ዋጋ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል፣ ባቡር ለመሳፈርም ረጅም ሰልፍ መያዝ ግድ ይላል። የሚሄዱበት ቀን በሥራ ቀናት ቢውልም እንኳ ሆቴል ከመያዝዎ በፊት የፕሪንሲፓሊቲ ስታዲየምን የዝግጅት ሰሌዳ ይመልከቱ። ከዚህ ሌላ ብሔራዊ ሙዚየሙ ሰኞ ይዘጋል፤ የከተማው የቤት ውስጥ ገበያ እሑድ አይከፈትም፤ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ከሆነ ደግሞ የሚያጋጥማችሁ የጾም ቀን አንድ ረቡዕ ብቻ ነው። ማደሪያችሁ በባቡር ጣቢያውና በግንቡ መካከል ቢሆን ለእናትዎ ጉልበት ይበጃል፤ ነገር ግን ሴንት ሜሪ ጎዳና ላይ በቀጥታ የሚያይ ክፍል አይቀበሉ። በተለይ የድንች ጥብስ ቤቶች ከተደረደሩባት ከካሮላይን ጎዳና አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ጫጫታ አይጠፋም።

የእናትዎ የጎብኚ ቪዛ የመላው ዩናይትድ ኪንግደም ስለሆነ በእንግሊዝና በዌልስ መካከል ኬላ ይኖራል ብለው አይስጉ። ከለንደን ፓዲንግተን የሚነሣው ባቡር በሁለት ሰዓት ውስጥ ካርዲፍ ሴንትራል ያደርሳል፤ በመንገድ ላይ በሴቨርን ወንዝ ሥር በ1886 በተከፈተ፣ 7 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ከለንደን ቪክቶሪያ የሚነሣው አውቶቡስ ይረክሳል፣ ግን ጉዞው ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሚፈጅ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አልመክረውም።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከባቡር እንደወረዱ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው አደባባይ የወይዘሮ ቤቲ ካምቤል ሐውልት አለ፤ ለእናትዎ የከተማዋ መግቢያ እሱ ይሁን። ቤቲ ካምቤል በ1934 በወደቡ ሰፈር የተወለዱ ጥቁር ሴት ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው መምህር መሆን እመኛለሁ ቢሉ አስተማሪያቸው ለጥቁር የሠራተኛ ልጅ የማይቻል ነው ብላ ተስፋ ያስቆረጠቻቸው፣ በኋላ ግን በዌልስ የመጀመሪያዋ ጥቁር ርእሰ መምህርት ሆነው በዚያው በተወለዱበት ሰፈር ትምህርት ቤት ያስተዳደሩ ናቸው። ሐውልቱ የቆመው በ2021 ነው። ጠጋ ብለው ቢያዩት የእሳቸው ራስና ትከሻ እንደ ትልቅ የዛፍ ጥላ ከላይ ተዘርግቶ ከሥሩ ልጆች ይታያሉ። እናትዎ የመምህርነትን ክብር በሚያውቅ ትውልድ ውስጥ ያደጉ እንደሚሆኑ እገምታለሁና ታሪኩን ቆመው ይንገሯቸው።

ከዚያ ወደ ግንቡ የሚወስደውን መንገድ በውጭ ሳይሆን በአርኬዶቹ ውስጥ ይለፉ። አርኬድ የሚሏቸው በመስታወት ጣሪያ የተሸፈኑ የሱቅ መተላለፊያዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሮያል አርኬድ በ1858 የተሠራ ነው፤ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ሰው ሳይበሰብስ ከተማውን የሚያቋርጠው በእነሱ ነው። ስለ ዝናቡ ካነሣሁ አይቀር፣ በካርዲፍ በዓመት የሚወርደው የዝናብ መጠን ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም፤ ሁለቱም ጋ ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ የካርዲፉ ክረምት ጠብቆ አለመምጣቱና አሥራ ሁለቱን ወር ሙሉ ጠብ ጠብ ማለቱ ነው። ስለዚህ ሴፕቴምበር ፀሐይ አለ ብለው ጃንጥላውንና ወፈር ያለውን ጫማ ቤት ጥለው እንዳይመጡ። በ1891 የተከፈተው የቤት ውስጥ ገበያም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ምጣድ ላይ የሚጋገረውን፣ ዘቢብ ያለበትን ትንሹን የዌልስ ኬክ ትኩሱን የሚገዙት ከዚያ ነው፤ ቅቤና እንቁላል ስላለበት ግን ማክሰኞ ብሉት፣ ለረቡዕ እንዳታስቀምጡት።

የካርዲፍ ግንብ ሦስት ዘመን በአንድ አጥር ውስጥ የያዘ ነው። መጀመሪያ ሮማውያን ሠፈሩበት፤ ከዚያ ኖርማኖች መሐሉ ላይ ኮረብታ ቆልለው የድንጋይ ማማ ሠሩበት፤ በመጨረሻ ሦስተኛው የቢውት ማርኪስ፣ ከወደቡ ገቢ የተነሣ በዘመኑ ከዓለም ቀዳሚ ባለጸጎች አንዱ ይባል የነበረው ወጣት፣ ዊልያም በርጅስ የተባለውን የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ቀጥሮ መኖሪያውን እንደ ሕልም አስጌጠው። አጥሩን ከውጭ በኩል ሲያዩ ከታች ያለውን የሮማውያኑን ድንጋይ ከላይ ካለው የማርኪሱ ዘመን ግንባታ የሚለይ ቀይ የድንጋይ መስመር ዞሮ ይታያል። እንዲህ ያለ ሐቀኛ እድሳት በሁሉም አገር አይገኝም፤ እኔ ሁልጊዜ እንግዶቼን እዚያ ላይ አቆማለሁ። ወደ ኖርማኑ ማማ የሚያወጣው ደረጃ ቀጥ ያለና ብዙ ስለሆነ እናትዎ ከታች ሆነው ቢያዩት ይበቃል፤ እርስዎ ወጥተው እስኪመለሱ የሚቀመጡበት ሣር ሜዳ ሰፊ ነው። ገንዘብዎንና ጊዜዎን በቤቱ ውስጥ ላሉት ክፍሎች ያውሉ። መግቢያው ይከፈልበታል፤ በአስጎብኚ የሚታዩት ተጨማሪ ክፍሎች ለብቻቸው ይከፈልባቸዋል። ከሁሉ የማይታለፈው የዓረብ ክፍል የሚሉት ነው፦ ጣሪያው እንደ ማር እንጀራ በተደራረቡ ትንንሽ ቅስቶች የተፈለፈለና በወርቅ የተለበጠ ነው፤ በርጅስ በ1881 ሲሞት በእጁ የነበረው ሥራ ይህ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በአጥሩ ግድግዳ ሆድ ውስጥ ባለው መተላለፊያ እስከ 1,800 ሰው ከአየር ድብደባ ይጠለል ነበር፤ ዛሬ ገብቶ ማየት ይቻላል፣ ለጉልበት የሚከብድ ግን ነውና ከመግባታችሁ በፊት ደረጃውን እዩት።

ሲወጡ በቀኝ በኩል በቢውት መናፈሻ ዳር የሚሄደውን የእንስሳት አጥር አይለፉት። በአጥሩ ላይ የተንጠላጠሉ 15 የድንጋይ አራዊት አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኙ በማርኪሱ ዘመን የተቀረጹ ናቸው፣ ዓይናቸው መስታወት ነው። አንበሳውን ሁሉም ሰው ፎቶ ያነሣል፤ ከእነሱ መካከል ጅብ እንዳለ ሲያውቁ ግን እናትዎ የሚሥቁ ይመስለኛል። እንግሊዛዊው ጎብኚ ሳያስተውለው የሚያልፈው እሱኑ ነው።

ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነ ቀለል ያለ መሆን አለበት። ብዙ ሰዎች ሴንት ፋገንስን በመካከለኛው ቀን ያደርጋሉ፤ እኔ ግን በጾም ቀን፣ ያውም እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው፣ ያን ሁሉ ሜዳ መዞር አይገባም እላለሁ። ስለዚህ ጠዋቱን በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ወደ ላንዳፍ ካቴድራል ሂዱ። ላንዳፍ በካርዲፍ ውስጥ ያለች፣ ግን የመንደር መልኳን ያልለቀቀች ሰፈር ናት። ካቴድራሉ የተሠራው ጉድጓዳማ ቦታ ላይ ስለሆነ ከመንገዱ ሲመለከቱ ጣሪያውን ነው ቀድመው የሚያዩት። በቦታው የክርስቲያን ማኅበር የተተከለው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ይባላል፤ የአሁኑ ሕንፃ የተጀመረው በ1120 በጳጳሱ በኡርባን ዘመን ነው። ካቴድራሉ የሚታሰብባቸው ቅዱሳን ጴጥሮስና ጳውሎስ፣ እንዲሁም ዲፍሪግ፣ ቴይሎና ኤውዶግዊ የተባሉ የጥንት የዌልስ አበው ናቸው። የቅዱስ ቴይሎ መቃብር ነው የሚባለው ከመቅደሱ በስተደቡብ በኩል ይገኛል፤ የቴይሎን ስም ያዙልኝ፣ ሐሙስ እንደገና ታገኙታላችሁ።

በጃንዋሪ 1941 የጀርመን ቦምብ ካቴድራሉን ክፉኛ አፈራረሰው። ሲታደስ በመካከሉ ግዙፍ የኮንክሪት ቅስት ተሠራና በላዩ የጄኮብ ኤፕስታይን ሥራ የሆነ፣ 5 ሜትር ገደማ የሚረዝም የአሉሚኒየም የክርስቶስ ምስል ቆመ፤ ሥራው የተጠናቀቀው በ1957 ነው። ይህን ምስል በሚመለከት የሰው አስተያየት ሁልጊዜ ሁለት ነው። ሥዕሉ በቀለም፣ ፊቱ ወደ ምእመኑ በዞረበት ቤተ ክርስቲያን ላደገ ሰው፣ ያ ግራጫ ብረት መጀመሪያ ላይ ቀዝቃዛ ሊሆንበት ይችላል። የእኔ ምክር እናትዎን በስተኋላ ካለው ወንበር አስቀምጠው ጥቂት ዝም ብለው እንዲቆዩ ነው፤ ብርሃኑ ሲለዋወጥ ብረቱም መልኩን ይለውጣል። መግቢያው ነፃ ነው፤ በጸሎት ሰዓት ከደረሳችሁ መቀመጥ እንጂ መዞር አይፈቀድም።

ከላንዳፍ ተመልሳችሁ ከሰዓት በኋላውን በወደቡ፣ ካርዲፍ ቤይ በሚባለው፣ አሳልፉት። ቦታው ሜዳማ ነው፤ ወንበር በየቦታው አለ። ዛሬ የሚያዩት ሐይቅ የተፈጠረ ነው፦ ከዚህ በፊት ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሸሽቶ ጭቃ ብቻ ይቀር የነበረውን ወሽመጥ በ1999 በተጠናቀቀ 1.1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ግድብ ዘግተው ሁለት ወንዞች የሚሞሉት 200 ሄክታር የሚሆን ጣፋጭ ውኃ አደረጉት። በዳርቻው ቀዩ የፒየርሄድ ሕንፃ አለ፤ በ1897 የወደቡ ጽሕፈት ቤት ሆኖ የተሠራ ነው። አጠገቡ ያለው ባለ መስታወት ግድግዳና ሞገድ መሳይ የእንጨት ጣሪያ ያለው ሕንፃ ሴኔዝ፣ የዌልስ ምክር ቤት ነው፤ አርክቴክቱ ሪቻርድ ሮጀርስ ነው፣ የተከፈተው ማርች 1 ቀን 2006፣ በዌልስ ጠባቂ ቅዱስ በቅዱስ ዴቪድ ቀን ነው። ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ ማክሰኞና ረቡዕ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይሰበሰባል፤ ሕዝብ በነፃ ገብቶ መከታተል ይችላል፤ ፍተሻ እንደ አውሮፕላን ጣቢያ ነው። እናትዎ ንግግሩን ባይሰሙትም አንዱ በዌልስኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ሲናገር፣ አስተርጓሚም ሲያዳምጡ ያያሉ። ከጎኑ ያለው በ2004 የተከፈተው ትልቁ የቴአትርና የኦፔራ ቤት ነው፤ በመግቢያው ግንባር ላይ በዌልስኛና በእንግሊዝኛ የተቀረጹት ግዙፍ ፊደላት ከውስጥ ሲታዩ መስኮቶች ናቸው።

ከቤይ ወደ መሐል ከተማ ስትመለሱ በባቡሩ ፈንታ በቢውት ጎዳና ብታልፉ ከአፍሪካ ቀንድ ለመጣ ሰው ልዩ ትርጉም አለው። የቢውትታውን ሰፈር፣ በድሮ ስሙ ታይገር ቤይ፣ የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ ከበርበራና ከዓደን በመርከብ ላይ እሳት ለማንደድ የተቀጠሩ ሶማሌዎችና የመኖች የሰፈሩበት ነው፤ ከእነሱም ጋር የኬፕ ቬርዴ፣ የካሪቢያን፣ የኖርዌይ መርከበኞች ኖረውበታል። የኖርዌዮቹ ነጭ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ከቤይ ዳር እስካሁን አለ፤ መጀመሪያ የተሠራው በ1868 ነው። ታሪኩ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም። በጁን 1919 በጥቁሮችና በዓረቦች ላይ በተነሣ ሁከት ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ በ1952 ማህሙድ ማታን የተባለ ሶማሌ መርከበኛ ባልሠራው ግድያ ተከሶ በካርዲፍ ወህኒ ቤት ተሰቅሏል፤ ፍርዱ የተሻረለት ከ45 ዓመት በኋላ በ1998 ነው። የድሮዎቹን ቤቶች በ1960ዎቹ ስላፈረሷቸው የታይገር ቤይን መልክ ፍለጋ አትድከሙ፤ ከዚያ ዘመን የቀረው ዋናው ነገር በማውንት ስቱዋርት አደባባይ ያለው የድንጋይ ከሰል ገበያ ሕንፃ ነው፤ አሁን ሆቴል ሆኗል።

የጾሙን ምግብ በተመለከተ አንዲት ቃል ችግሩን ትፈታለች፤ «ቪጋን» ካሉ ቅቤም ወተትም እንቁላልም የሌለበት ማለት መሆኑን የምግብ ቤት አስተናጋጅ ሁሉ ያውቃል። የዌልስ ምግብ ራሱ ለጾም አይመችም፦ ሬርቢት የሚሉት ከአይብና ከቢራ ተሠርቶ በተጠበሰ ዳቦ ላይ የሚቀባ ነው፣ የግላሞርጋን ቋሊማ ሥጋ የለውም ግን አይብ አለው፣ ላቨርብሬድ የሚባለው ከባሕር ሣር የሚቀቀል ወጥ መሳይ ነገር በራሱ ጾም ቢሆንም ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይጠበሳል። ስለዚህ ረቡዕ ማታ ወደ ሲቲ ሮድ ብትሄዱ ይሻላል፤ የመካከለኛው ምሥራቅ፣ የእስያና የአፍሪካ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት መንገድ ነው፤ ፉልና ፈላፍል አይታጣም።

ረቡዕ ዝናቡ ከበረታ ቤዩን ትታችሁ ወደ ብሔራዊ ሙዚየሙ ግቡ፤ መግቢያው ነፃ ነው፣ ሊፍት አለው። ግዌንዶሊንና ማርጋሬት ዴቪስ የተባሉ እኅትማማቾች፣ ከከሰልና ከባሪ ወደብ የበለጸገው የዴቪድ ዴቪስ የልጅ ልጆች፣ ሳያገቡ የኖሩ፣ አልኮል የማይቀምሱ፣ እሑድን የሚያከብሩ ሴቶች፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሞኔን፣ ሬኗርን፣ ቫን ጎግን እየገዙ ሰብስበው ለሙዚየሙ ተናዘዙለት። የሬኗርን ሰማያዊ የለበሰች ሴትና ቫን ጎግ በሞተበት ዓመት በ1890 የሣለውን ዝናብ አይታችሁ ብትወጡ በቂ ነው።

አሁን ወደ ሐሙስ። ሻንጣችሁን ከሆቴሉ አደራ አስቀምጣችሁ ጠዋት በከተማ አውቶቡስ ወይም በታክሲ ወደ ሴንት ፋገንስ ሂዱ፤ ከመሐል ከተማ በስተምዕራብ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1948 የተከፈተ ሙዚየም ነው፤ መግቢያው ነፃ ሆኖ የሚከፈለው መኪና ላቆመ ሰው ብቻ ነው። ከመላው ዌልስ ከ40 በላይ ቤቶችን፣ ወፍጮዎችን፣ ትምህርት ቤቶችን፣ ሱቆችን ድንጋይ በድንጋይ ቁጥር እየሰጡ አፍርሰው እዚህ መልሰው ተክለዋቸዋል። ቤቶቹ ባዶ አይደሉም፤ ዕቃው ሁሉ በቦታው ነው፣ በብርዱ ጊዜ ምድጃው ይነዳል፣ በየቤቱ የሚቀመጠውም ጠባቂ ዕውቀት ያለው ሰው ስለሆነ መጠየቅ ነው። ግቢው አቀበትና ቁልቁለት አለው። ስለዚህ የተሽከርካሪ ወንበር ውሰት መኖሩን ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውለው ይጠይቁ፤ እናትዎ «እኔ ለተሽከርካሪ ወንበር አልደረስኩም» ቢሉም እንኳ ለመመለሻው ያስፈልጋል።

ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። መጀመሪያ የቅዱስ ቴይሎን ቤተ ክርስቲያን ፈልጉ። ይህ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የቆመው በደቡብ ምዕራብ ዌልስ በላሁር ወንዝ ዳር፣ ውኃ በሚያጥለቀልቀው ቦታ ነበር፤ ምእመኑ ትቶት ሊፈርስ ሲል ለሙዚየሙ ተሰጠ። ግድግዳውን ሲያራግፉ በተደራረበው የኖራ ቅብ ሥር የመካከለኛው ዘመን ሥዕሎች ተገኙ። አፍርሶ መልሶ ለማቆም ሃያ ዓመት ገደማ ወስዶ በ2007 ተከፈተ፤ ያደሱትም በ1530 አካባቢ፣ ማለት የእንግሊዝ ንጉሥ ከሮም ከመለየቱና ሥዕል ሁሉ በኖራ ከመሸፈኑ በፊት፣ የነበረውን መልክ አስመስለው ነው። እናትዎ ከውጭ ሲያዩት ኖራ የተቀባች ትንሽ ቤት ትመስላቸዋለች። በሩን አልፈው ሲገቡ ግን ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በቀይና በቢጫ ቀለም ተሞልቶ፣ የጌታ ሕማማት በየክፍሉ ተሥሎ፣ ሕፃኑን በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ የሚሻገረው ቅዱስ ክሪስቶፎሮስ ከበሩ ትይዩ ቆሞ ያገኙታል። ማንበብ ለማይችል ምእመን ወንጌልን በግድግዳ ማስተማር የእኛ አገር አብያተ ክርስቲያናት ብቻ ሥራ እንዳልነበረ እዚህ በዓይን ይታያል፤ በእንግሊዝና በዌልስ እንዲህ ሙሉ ሆኖ የሚታይበት ቦታ ደግሞ ከጣት ቁጥር አያልፍም። ቀለሙ አዲስ መሆኑ ቅር የሚያሰኛቸው ሰዎች አሉ። ከግድግዳው የተነሡት እውነተኛዎቹ ቁርጥራጮች በሙዚየሙ ተጠብቀዋልና ቅሬታው ብዙም አይገባኝም።

ቀጥሎ ሪድ ካር የሚባሉትን ስድስት ተያያዥ የብረት ሠራተኞች ቤቶች እዩ። ከመርተር ቲድፊል የመጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤት በተለያየ ዓመት እንደነበረው ተሟልቷል፦ በ1805፣ በ1855፣ በ1895፣ በ1925፣ በ1955 እና በ1985። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ሲራመዱ ሸክላው ሳህን በሌላ ይተካል፣ ሻማው መብራት ይሆናል፣ በመጨረሻው ቤት ቴሌቪዥን ተቀምጧል፤ ክፍሎቹ ግን ያው ጠባቦቹ ናቸው። የጓሮ አትክልቱም ከየዘመኑ ጋር ይሄዳል። አንዲት የቤት እመቤት ከማንኛውም የታሪክ መጽሐፍ በላይ ይህንን ታነባለች፤ እናትዎ ጓዳውን እያዩ የሚሉትን ይስሙ እንጂ ማብራሪያ አያብዙባቸው። በመንገዳችሁ ላይ ከጋወር የመጣው፣ ክፉ መንፈስን ያርቃል ተብሎ ደማቅ ቀይ የተቀባው የገበሬ ቤት አለ፤ ዳቦ ቤቱም በእንጨት እሳት ይጋግራል፣ ትኩሱን ገዝታችሁ ሣር ላይ መብላት ይቻላል።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ። ካስትል ኮክ የተባለው በጫካ ውስጥ ያለ ባለ ሾጣጣ ጣሪያ ግንብ የማርኪሱና የበርጅስ ሌላ ሥራ ነው፤ አቀበቱ ስለሚከብድና የካርዲፉን ግንብ ስላያችሁ ይቅር። በብሌናቮን ያለው የቢግ ፒት ማዕድን ማውጫ 90 ሜትር ወደ መሬት ውስጥ ያወርዳል፣ ነፃም ነው፤ ጎንበስ እያሉ መሄድ ስላለበት ለእናትዎ አይሆንም፣ እርስዎ ግን ሌላ ጊዜ ብቻዎን ቢሄዱ አይቆጩም። አንድ ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ምርጫዬ በባቡር ሃያ ደቂቃ የምትርቀው ኬርፊሊ ናት፤ ጊልበርት ደ ክሌር ከ1268 ጀምሮ ያስገነባው፣ በሰው ሠራሽ ሐይቅ የተከበበና አንዱ ማማው ከጣሊያኑ የፒሳ ማማ በላይ ያዘመመ ግንብ አላት፤ ከውጭ ሆኖ ማየቱ ብቻ ይበቃል።

ሴንት ፋገንስ ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት ስለሚዘጋ የመመለሻ ባቡራችሁን ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የሚነሣ አድርጉት፤ ትኬቱ ቀደም ብሎ ከተቆረጠ በጣም ይረክሳል። ሁለታችሁም አብራችሁ ስለምትጓዙ ቱ ቱጌዘር የሚባለውን የሁለት ሰው የቅናሽ ካርድ ብታወጡ ከሁለታችሁም ዋጋ ሲሶው ይቀንሳል፤ የሁለታችሁም ፎቶ ያስፈልጋል፣ በሥራ ቀናት ጠዋት ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት ግን አይሠራም። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሚሰጠው ካርድ ለውጭ አገር ዜጋም በፓስፖርት ይሸጣል፤ ቅናሹ ግን ለእናትዎ ብቻ ስለሚሆን ለዚህ ጉዞ የመጀመሪያው ያዋጣችኋል። ማክሰኞ ጠዋት ስትነሡ በባቡሩ ላይ የምትቀመጡበትን ወንበር አስቀድመው ያስመዝግቡ፤ እናትዎ በቀላሉ እንዲነሡና እግራቸውን እንዲዘረጉ ጠረጴዛ ያለበትን፣ ከመተላለፊያው በኩል ያለውን ይጠይቁላቸው።